የልቡና ብርሃን፤ የቅኔ መምህርቷ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ

እግዚአብሔር ጸጋውን ሲያድል የሰውን መልክ፣ የትውልዱን ከፍታ ወይም የአካሉን ሙሉነት አይቶ አይደለም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን እውነት በቃል ብቻ ሳይሆን በልጆቿ ሕይወት ጭምር ስትመሰክር ኖራለች። ነገሥታት አብያተ ክርስቲያናትን አነጹ፤ መኳንንት ርስትና ጉልት ሰጡ፤ ሰማዕታት ደማቸውን አፈሰሱ፤ የእነዚህም ስም በየታሪኩ ተጽፎ ይገኛል። በገጠር ጎጆ ተቀምጠው የተማሪን አንደበት ዕለት ዕለት ሲያርሙ ዕድሜያቸውን የፈጸሙት መምህራን ግን ብዙውን ጊዜ ስማቸው የሚነሣው በተማሪዎቻቸው ቃል ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ሲያልፉ የመምህሩ ስም አብሮ እንዳይጠፋ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ መምህራን መካከል የአንዲቱን፣ በጎጃም ምድር ጽላሎ በተባለው የገጠር ሥፍራ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩትን የዓይነ ሥውሯን መምህርት የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ሕይወት በዚህ ጽሑፍ ልናስብ ወደድን።

ይህን ስንጽፍ በቅድሚያ የምናስበው ከታላላቆቹ የትምህርት አድባራት ርቀው የሚያገለግሉትን ካህናትና በዚያ የሚኖሩትን ምእመናን ነው። በከፋ ምድር፣ በቢታ ገነትና በቦንጋ ዙሪያ፣ በደንና በቡና ጥላ መካከል በተተከሉት አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግል ካህን ስለ ጎጃም የቅኔ ቤቶች ሲሰማ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። ጥበብ ሁሉ ከትልቅ ደብር፣ ከብዙ መጻሕፍትና ከታወቀ ከተማ ብቻ የሚገኝ መስሎ ሊታየው ይችላል። ጽላሎ ግን ከተማ አልነበረም። በዚያ የነበረው ሀብትም የመምህር ልቡናና የተማሪ ትጋት ነበር። እንግዲህ የእማሆይ ገላነሽ ሕይወት በገጠር ለሚያስተምር ሁሉ፣ ልጁን ለትምህርት ለሚሰጥ ወላጅ ሁሉ የሚናገረው ነገር አለው።

የቅኔ አገር

እማሆይ ገላነሽ የተወለዱበት ጎጃም በቅኔ ትምህርት ስሙ የታወቀ ነው። ከሦስቱ የታወቁ የቅኔ ስልቶች መካከል ዋሸራና ጎንጅ በጎጃም ምድር የተመሠረቱ ሲሆኑ ሦስተኛው ዋድላ ከወሎ ወገን ነው። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም ሊቃውንትን በማፍራት የታወቁ አድባራት ናቸው። በ1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሁለተኛ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ ነበሩ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚሁ ምድር ትምህርት የቀሰሙ ሲሆኑ፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር በተባለው መጽሐፋቸው የቅኔ ተማሪን ኑሮ ለመላው አንባቢ አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ የቅኔ ትምህርት በታላላቆቹ አድባራት ብቻ የታጠረ አልነበረም። አንድ መምህር ከታላቅ ጉባኤ ተመርቆ ሲወጣ ወደ አንድ የገጠር ደብር ሄዶ ጎጆ ይቀልሳል፤ ተማሪዎችም ዝናውን ሰምተው ይከተሉታል። በዓመታት ውስጥ ያ ያልታወቀ መንደር የቅኔ ቤት ይሆናል። የእማሆይ ገላነሽ አባት መምህር ሐዲስም እንዲህ ያሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። ስለዚህ ልጃቸው የተወለደችው በጉባኤው መካከል ነው ማለት ይቻላል። ሌላ ሕፃን በላም ጥሪና በእረኛ ዋሽንት ድምፅ ሲያድግ፣ እርሷ ግን ከእነዚህ ሁሉ ጋር የግዕዝን ግሥ የሚያወርዱ ተማሪዎችን ድምፅ እየሰማች አደገች።

ብርሃን በጠፋ ጊዜ

ገና በሕፃንነታቸው ግን የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። በዚያ ዘመን በገጠሩ የአገራችን ክፍል እንዲህ ያለ መከራ ብርቅ አልነበረም። ፈንጣጣና የዓይን ማዝ ስንቱን ሕፃን ዓይነ ሥውር አድርገው እንዳስቀሩ አረጋውያን ያስታውሳሉ። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ ፈጽሞ የጠፋው ገና በ1968 ዓ.ም. ነው፤ የዓይን ማዝም እስከ ዛሬ ድረስ ሕዝባችንን ከሚያስጨንቁት ደዌያት አንዱ ነው። ዓይኑ የጠፋ ልጅ ዕጣ ደግሞ የታወቀ ነበር፤ ይኸውም ወይ በቤት ጥግ ተቀምጦ የዘመድ ሸክም መሆን፣ ወይ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ዘርግቶ መለመን ነው። ልጂቱ ሴት ስትሆን ደግሞ መከራው እጥፍ ይሆናል። ውኃ መቅዳት፣ እህል መፍጨት፣ ጥጥ መፍተል፣ ወተት መናጥ፣ ይህ ሁሉ የገጠር ሴት የምትመዘንበት ሥራ በመሆኑ ዓይነ ሥውር ልጅ ከጋብቻም ከሥራም የወጣች ተደርጋ ትታይ ነበርና።

መምህር ሐዲስ ግን ልጃቸውን ለዚህ ዕጣ አሳልፈው አልሰጧትም። ሌሎች ያላዩትን አዩ፤ ዓይኗ ቢጠፋ ጆሮዋና ልቡናዋ እንዳልጠፉ ተረዱ። ስለዚህ ለተማሪዎቻቸው የሚሰጡትን ትምህርት ለእርሷም ሰጧት። እኛ ዛሬ ይህን ስንሰማ ቀላል ነገር ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን አንድ አባት ዓይነ ሥውር ሴት ልጁን ከወንዶች ተማሪዎች ጋር በአንድ ጉባኤ ማስተማር በሰው ዘንድ የሚያስደንቅ፣ ምናልባትም የሚያስነቅፍ ሥራ ነበር። የእማሆይ ገላነሽን ታሪክ ስናነሣ አስቀድመን የአባታቸውን ድፍረትና ፍቅር ማመስገን የሚገባን ስለዚህ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክም እንዲህ ያለ ምሳሌ አስቀድሞ ታይቷል። በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ዲዲሞስ የተባለ ሊቅ ነበረ። በአራት ዓመቱ ዓይነ ሥውር ቢሆንም በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ፣ ቀሪውንም በጆሮው እየሰማ ትምህርትን ሁሉ ጠንቅቆ አወቀ ይባላል። ታላቁ አባት ቅዱስ አትናቴዎስም የእስክንድርያን ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ፈቀደለት። በኋላ ዘመን ስለ አንዳንድ አሳቡ ክርክር ቢነሣም፣ በሕይወቱ ዘመን ከሩቅ አገር ሳይቀር ተማሪዎች ወደ እርሱ ይመጡ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ሩፊኖስ ነው። የአባታችን የፍሬምናጦስን፣ የከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማን ታሪክ ጽፎ ያቆየልን ይኸው የዓይነ ሥውሩ መምህር ተማሪ ነው። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አገራችን የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ዓይነ ሥውሩንም በመምህርነት ወንበር ያስቀመጠ እርሱ መሆኑን ስናስተውል፣ በጽላሎ የሆነው ነገር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አለመሆኑን እንረዳለን።

በጆሮ የሚገባ ጥበብ

የእማሆይ ገላነሽን ትጋት ለመረዳት የቅኔ ትምህርት እንዴት ያለ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅኔ ከመጽሐፍ የሚነበብ ሳይሆን ከልቡና የሚፈልቅ ነው። ባለቅኔው በበዓሉ፣ በዕለቱ ምሥጢርና በቅዱሱ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ በግዕዝ ቋንቋ አዲስ ድርሰት ያቀርባል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ስለዚህ ተማሪው የሌላውን ቃል በማጥናት ብቻ ባለቅኔ መሆን አይችልም።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከግሥ ነው። ተማሪው ከቀተለ ጀምሮ እስከ ጦመረ ያሉትን ስምንቱን የግሥ አርእስት ያጠናል፤ ከእነርሱ የሚወለዱትንም ቃላት ከነእርባታቸው በቃሉ ይይዛል። ከዚያም አገባብን ይማራል። ቀጥሎ በሁለት ስንኝ ብቻ ከሚፈጸመው ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ይህም ስሙን ያገኘው ጌታችን ውኃውን ወይን ካደረገበት ከቃና ዘገሊላ ሠርግ ነው። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ ወደ ዘይእዜ እያለ ይወጣል፤ ስምንት ስንኝ ወዳለው ወደ መወድስ ሲደርስም አሳቡን አስፍቶ መግለጽ ይችላል። ክብር ይእቲና ዕጣነ ሞገርም የየራሳቸው ልክና ዜማ አላቸው።

ከቅርጹ በላይ ደግሞ ምሥጢሩ አለ። ወርቅ ሠሪ አስቀድሞ በሰም ቅርጽ አውጥቶ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁን በቦታው እንደሚያፈስስ፣ ባለቅኔም በሰሙ ስለ በሬና ስለ ቀንበር ሲናገር በወርቁ የክርስቶስን የማዳን ሥራ ሊናገር ይችላል። ሰሚው በሰሙ ብቻ ከቆመ የሰማው ስለ እርሻ ነው፤ ወርቁን ከፈለገ ግን ስለ መስቀሉ ይሰማል። ኅብር፣ ሰም ለበስ፣ ውስጠ ወይራ እየተባሉ የሚጠሩት መንገዶች ሁሉ ይህን ምሥጢር በልዩ ልዩ መልክ የሚያቀርቡ ናቸው።

የቅኔ ቤት ዕለታዊ ሥርዓትም ከዚህ ጋር የተስማማ ነው። ምሽት ላይ መምህሩ ለተማሪዎቹ ቅኔ ይነግራሉ፤ ተማሪው ሰምቶ ሰሙንና ወርቁን ይለያል። በማግሥቱ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ዛፍ ሥር ብቻውን ሄዶ የራሱን ቅኔ ያወጣል። ተመልሶም በመምህሩ ፊት ይቆጥራል፤ መምህሩም የቃሉን፣ የአገባቡን፣ የልኩንና የምሥጢሩን ስሕተት ያርማሉ። በትምህርት የገፋው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ይረዳል። በዚህ ሁሉ መካከል ብራና መግለጥ፣ በቀለም መጻፍ ግድ አይደለም። ተማሪው በአንደበቱ ያቀርባል፤ መምህሩም በጆሯቸው ተቀብለው በልቡናቸው ይመዝናሉ።

እዚህ ላይ የእግዚአብሔርን ጥበብ እናደንቃለን። ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤያት መካከል ዓይን ላጣ ሰው በሩን ወለል አድርጎ የሚከፍት ጉባኤ ቅኔ ነው። እማሆይ ገላነሽ በዚህ በር ገቡ። የአባታቸው ተማሪዎች የሚያወርዱትን ግሥ በጆሯቸው ሰብስበው በልቡናቸው መዝገብ አኖሩ። ለማየት የሚችለው ተማሪ የረሳውን ከጓደኛው ወይም ከተጻፈ ነገር ሊፈልግ ይችላል፤ ለእርሳቸው ግን የተረሳ ነገር ጠፋ ማለት ነበርና አለመርሳትን ተማሩ። ሰውም እንደ ቅኔው ሰምና ወርቅ አለው። መንገደኛ አይቷቸው ዓይነ ሥውር ሴት ናቸው ብሎ ቢያልፍ ያየው ሰሙን ነበር፤ ተቀምጦ የሰማቸው ግን ወርቁን ያገኝ ነበር።

በመምህርነት ወንበር

እማሆይ ገላነሽ በዚህ አኳኋን ከተማሪነት ወደ መምህርነት ተሻገሩ፤ የአባታቸውንም ወንበር ወርሰው በጽላሎ ቅኔ አስተማሩ። ይህ ወንበር በልጅነት ብቻ የሚወረስ እንዳልሆነ ካህናት አንባብያን ያውቃሉ። ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የቅኔ ወንበር ግን ዕውቀት ከሌለ ባዶ ነው። ተማሪ በእግሩ ነፃ ነውና፤ መምህሩ ያልበቁ ሆነው ቢያገኛቸው በማግሥቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል። ስለዚህ ተማሪዎች ወደ ጽላሎ መምጣታቸውና በዚያ መቆየታቸው ራሱ የመምህርቷ ዕውቀት ምስክር ነው።

እነዚህ ተማሪዎች እነማን እንደ ነበሩ እናስታውስ። አብዛኞቹ ከሩቅ አገር ዘመድና ቤት ትተው የመጡ ወጣቶች ናቸው። በየመንደሩ እየዞሩ ቁራሽ ይለምናሉ፤ ከውሻ ጋር ይታገላሉ፤ በጠባብ ጎጆ ተጨናንቀው ያድራሉ። ክረምት ሲሆን ዝናቡና ብርዱ፣ በጋ ሲሆን ረኃቡ ይፈትናቸዋል። ሲታመሙ የሚያስታምማቸው እናት በአጠገባቸው የለችም። እንዲህ ያለውን ተማሪ የሚያስተምር ሰው ቋንቋ ብቻ ቢያስተምር አይበቃም፤ ቤተሰብም ሊሆነው ይገባል። የገጠር ሴት ቤት ደግሞ የሚታወቀው በምድጃው ነው። የላሟ ወተት፣ የማሳው እህል፣ የእንጀራው ምጣድ ሁሉ እንግዳን ለመቀበል የተዘጋጀ ነው። በገጠር የሚያስተምር መምህር ከጎረቤቶቹ ገበሬዎች ጋር አንድ ዝናብ ይጠብቃል፤ አንድ አዝመራ ያያል፤ የከብት በሽታ ሲገባ አብሮ ያዝናል። ስለዚህ የገጠር ቅኔ ቤት ከገበሬው ኑሮ ተለይቶ የሚኖር ደሴት አይደለም። ገበሬው ቁራሹን ባይሰጥ ቅኔው አይነገርም ነበር። በማኅሌት የሚሰማው ምስጋና የስንቱ ባልቴት ጥሪት እንዳለበት ሰማያዊው አባት ያውቃል።

አንድ ነገር በተለይ ልንመረምረው ይገባል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በቅኔ ማኅሌት ቆመው ቅኔ የሚያቀርቡት ካህናትና መዘምራን ናቸው። እማሆይ ገላነሽ ሥርዓቱን አክብረው ኖሩ። ነገር ግን በማኅሌቱ ቆመው ቅኔ ካቀረቡት መካከል ብዙዎቹ ያን ጥበብ የተቀበሉት በጽላሎ ከእርሳቸው አንደበት ነበር። በአንድ ደብር በበዓል ቀን መወድስ ሲቀርብ ሕዝቡ የሚያየው ካህኑን ነው፤ በካህኑ ልቡና ውስጥ ግን ያረመችው መምህርት ድምፅ አለ። እንግዲህ አገልግሎቷ በመቅደሱ አልታየም ብሎ ማን ይናገራል?

በሐዋርያት ዘመን ጵርስቅላ ከባሏ ከአቂላ ጋር ሆና አንደበተ ርቱዑን አጵሎስን ወደ ቤቷ ወስዳ የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርታ አስረዳችው፤ አጵሎስም ብዙዎችን አስተማረ። በቀጰዶቅያ ቅድስት ማቅሪና ታናሽ ወንድሟን ጴጥሮስን አሳድጋ አስተማረች፤ ለወንድሞቿ ለቅዱስ ባስልዮስና ለቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም የሕይወት መምህርት ሆነች። በአገራችንም በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ለሃይማኖቷ ተሰድዳ በጣና ዙሪያ ማኅበረ መነኮሳትን መርታለች። እማሆይ ገላነሽም በዚህ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ይሁንና ከእነዚህ ቅዱሳት ጋር ስናነሣቸው ቤተ ክርስቲያን ያልሰጠቻቸውን የቅድስና ማዕርግ እኛ ልንሰጣቸው አይደለም፤ ሴት ልጅ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተቀብላ ማስተላለፏ አዲስ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ብቻ ነው።

እማሆይ ተብለው መጠራታቸውም የምንኵስናን ማዕርግ መቀበላቸውን ያሳያል። መነኵሲት ዓለምን ትታለች ሲባል ሰውን ትታለች ማለት አይደለም። አንዳንዱ መነኵሴ በበረሓ ጸሎት፣ አንዳንዱም በገዳም ሥራ ዓለምን ያገለግላል፤ እርሳቸው ደግሞ የእግዚአብሔርን ምስጋና የሚያውቁ አንደበቶችን በማዘጋጀት አገለገሉ።

የዘመን ፈተና

የእማሆይ ገላነሽ ዘመን ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጸጥ ያለ ዘመን አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አገራችንን ወረረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ተረሸኑ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግፍ ተገደሉ። ጎጃምም እስከ 1933 ዓ.ም. የአርበኞች ትግል ምድር ሆኖ ቆየ። ጦርነት ባለበት መንገድ አይኬድም፤ መንገድ ከተዘጋ ተማሪ አይመጣም፤ ገበሬው ከተፈናቀለ ቁራሽ አይገኝም። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ለውጥ መጣ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ ወጣቱ ደመወዝ ወደሚገኝበት ትምህርት አዘነበለ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ አገር ሐኪምና መሐንዲስ ያስፈልጋታልና። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የሚደክሙበት፣ መጨረሻውም በድህነት የሚያገለግሉበት የቅኔ ትምህርት ተማሪው እየቀነሰ ሄደ።

ከዚያም በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት መምህራንንና ካህናትን ስትረዳበት የኖረችው መሬት ከእጇ ወጣ። ያ አዋጅ ለብዙ ጭሰኛ ገበሬ ነጻነት መሆኑ አይካድም። ለጉባኤ ቤት ግን የመምህር ቀለብ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ አስከተለ። ይህ ጥያቄ ዛሬም በየገጠሩ ምላሽ ይሻል። መምህሩ አርጅቶ ወንበሩን የሚረከብ ሲታጣ የሚጠፋው አንድ ቤት ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ይፈለጋል፤ በልቡና የተያዘ ትምህርት ግን ሳይተላለፍ ባለቤቱ ከሞተ ከመቃብር የሚያወጣው የለም።

እማሆይ ገላነሽ በዚህ ሁሉ መካከል ከአባታቸው የተቀበሉትን አደራ ለተማሪዎቻቸው አስረከቡ። በዕድሜያቸው ፍጻሜ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ የተዉት ሀብት በየደብሩ የተበተኑት ተማሪዎቻቸው ናቸው። የእነዚህም ተማሪዎች ተማሪዎች ዛሬ የመምህርቷን ድምፅ ሳይሰሙ ጥበቧን ይናገራሉ።

ለእኛ የተዉልን ትምህርት

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ወላጆች ከመምህር ሐዲስ ይማሩ። በቢታ ገነት ወይም በሌላ የገጠር መንደር ዛሬ አካሉ የጎደለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ልጁን ከሰው ዓይን ሊሸሽገው ይፈልግ ይሆናል። ያ ልጅ ግን በልቡናው ምን እንደ ተሰጠው ማን ያውቃል? መምህር ሐዲስ ልጃቸውን ሸሽገው ቢሆን ኖሮ የጽላሎ ወንበር ወራሽ ባጣ ነበር።

ሁለተኛ፣ ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ለሴቶች ልጆች ያላቸውን አሳብ ይመርምሩ። ሴት ልጅ ከዳዊት ንባብ አልፋ ግዕዝን፣ ዜማንና ቅኔን ልትማር ስትጠይቅ ይህ ለአንቺ አይደለም የሚል መልስ በአንዳንድ ሥፍራ ይሰማል። የክህነት አገልግሎት ለወንዶች የተሰጠ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ትምህርት ግን ክህነት አይደለም። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን ጠብቆ ሴት ልጅን ማስተማር እንደሚቻል ከእማሆይ ገላነሽ ሕይወት የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። የተማረች እናት ደግሞ ቤቷን ሁሉ ጉባኤ ታደርጋለች።

ሦስተኛ፣ በሩቅ ገጠር የሚያስተምሩ መምህራን ቦታቸውን አይናቁ። በከፋ ምድር ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በካፊኖኖ ይናገራሉ፤ አማርኛንና ግዕዝን የሚማሩት በኋላ ነው። ስለዚህ የመምህሩ ድካም ይጨምራል፤ ትዕግሥቱም ሊበዛ ይገባዋል። ነገር ግን ግዕዝ ለጎጃሙም ሕፃን ቢሆን የእናቱ ቋንቋ አይደለም፤ ሁሉም በጆሮው ሰምቶ፣ ተሳስቶና ታርሞ ነው የሚማረው። እንግዲህ የቢታ ገነት ልጅ ባለቅኔ እንዳይሆን የሚከለክለው ምንድር ነው? የሚያስተምረው ካገኘ የደኑን ጸጥታ፣ የንቡን ማር፣ የእንሰቱን ጥላ ሰም አድርጎ የድኅነትን ወርቅ ሊያፈስስበት ይችላል።

አራተኛ፣ ምእመናን ሁሉ የአብነት መምህርን ማሰብ የክብረ በዓል ቀን ሥራ ብቻ አያድርጉት። ሕንፃ ለማነጽ ገንዘብ ስናዋጣ፣ በሕንፃው ውስጥ የሚዘምረውን የሚያስተምር ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር እንጠይቅ። ጎጆው ያፈሰሰበትን መምህር ጎጆ መክደን፣ ልብሱ ያለቀበትን ተማሪ ማልበስ፣ ቀለብ መስፈር፣ ይህ ሁሉ በማንኛውም አጥቢያ ሊደረግ የሚችል ነው። የጽላሎ ገበሬ ከማጀቱ ቈርሶ የሰጠው ቁራሽ ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ምስጋና ሆኖ ይሰማል። እኛም ዛሬ የምንሰጠው ቁራሽ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በማን አንደበት ምስጋና ሆኖ እንደሚሰማ አናውቅም።

ለሰው ሁሉ የማየት ብርሃን አንድ ቀን ይደክማል። ያ ሰዓት ሲመጣ የሚቀረው በልቡና የተያዘውና ለሌላው የተሰጠው ብቻ ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው ወደዚያ ሰዓት ስለ ደረሱ ሕይወታቸውን በሙሉ በማይጠፋው ብርሃን ኖሩ፤ ያንንም ብርሃን ዓይን ላላቸው አካፈሉ። አምላካችን የመምህርቷን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ወንበራቸውን ከሚጠብቅ ትውልድ አያጉድለን፤ በየገጠሩ የሚደክሙትን መምህራንና መምህራት ያበርታልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።